በአንድ ኮሌታ ሦስት መቶ ቀን

አክስቴ ሸሚዝ ስትተኩስ የምትጀምረው ከኮሌታው ነው። ገልብጣ ከጫፍ ወደ መሐል ትጫነዋለች፤ ቀጥሎ ትከሻው፣ ቀጥሎ እጅጌው፣ ደረቱ መጨረሻ። እስከዚህ ድረስ ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ የሚያደርገው ነው። የእሷ ልዩ ነገር ካውያው ኮሌታው ላይ ባረፈ ቁጥር ከንፈሯ አብሮ መሥራቱ ነው። «ጌታ ሆይ፣ የዘላለም ዕረፍትን ስጠው፤ የዘላለም ብርሃንም ያብራለት፤ በሰላም ይረፍ፣ አሜን።» እንፋሎቱ ቱሽ ሲል «ሦስት መቶ!» ብላ ወደ ትከሻው ታልፋለች።

ሰፈሩ «ሦስት መቶ» የሚል ስም ያወጣላት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ እንግዳ ደንበኛ መጥቶ፣ ከመጋረጃው ጀርባ «ሦስት መቶ!» የሚል ድምፅ ቢሰማ የመተኮሻ ዋጋ መስሎት ሸሚዙን ከእጄ ነጥቆ ወጣ። እስከ መንታ መንገዱ ድረስ ተከትዬው ብሮጥም አልደረስኩበትም። ዛሬም ድረስ ያ ሰውዬ በየሄደበት ስማችንን እንደሚያጠፋ አልጠራጠርም።

እኔ የምሠራው ከፊት ባንኮኒው ላይ ነው። ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር አያይዝበታለሁ፣ ሲመጣም ያልነበረ ቁልፍ ሲጠፋ እሰደባለሁ። አክስቴ የምላት የሟቹ አጎቴ ሚስት ናት። በደም አንገናኝም፤ እሱ ሲሞት ላውንደሪው ለሁለታችን ቀረና በካውያ ተዛመድን። ቁጡ ናት፣ ቸር ናት፣ የማይጨማደድ ጨርቅ ትጠላለች። «ሳይጨማደድ የሚኖር ነገር አይታመንም» ትላለች። «ቶሎ ይድረስልኝ» የሚል ሰውም አትወድም፤ የእሱን ሆን ብላ መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች።

«ሦስት መቶ» የምትለው ነገር እንዲህ ነው። በካቶሊኮች ትምህርት ኃጢአት በንስሓ ይቅር ከተባለ በኋላም የሚቀር ቅጣት አለ። ያ ቅጣት ሳያልቅ የሞተ ሰው ነፍሱ ወደ ሰማይ ከመግባቷ በፊት መንጽሔ በሚባለው ሁኔታ ትነጻለች። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የተወሰኑ ጸሎቶችን ለሚጸልይና የተወሰኑ መልካም ሥራዎችን ለሚሠራ ምእመን ከዚህ ቅጣት ታነሣለታለች። ይህ ሥርየተ ቅጣት ይባላል። ሰው ለራሱ ያገኘዋል፤ ከፈለገም ለሞተበት ሰው ይሰጠዋል። እኔ ይህን ለመግለጽ ይኼን ሁሉ ለፋሁ። አክስቴ ግን በካውያዋ ትጨርሰዋለች።

«ንስሓ እጥበት ነው። ቆሻሻው ይለቃል» ትላለች። «ግን ከገንዳ የወጣ ሸሚዝ ለብሰሽ ሰርግ ትሄጃለሽ? ጭምድድድ ብሎ! መተኮስ አለበት። መንጽሔ ማለት የመተኮሻው ጠረጴዛ ነው። ሥርየቱ ደግሞ እንፋሎቱ፤ ያፋጥነዋል።»

ቁጥሩን ያገኘችው ከእናቷ ከወረሰችው የጸሎት መጽሐፍ ነው። ጀርባው ተገንጥሎ በልብስ ሰፊ ክር ተሰፍቷል። በየጸሎቱ ግርጌ በደቃቃ ፊደል ይኼኛው መቶ ቀን፣ ያኛው ሦስት መቶ ቀን፣ ያኛው ሰባት ዓመት የሚል ተጽፏል። አክስቴ ሁሉንም በቃሏ ይዛ ከሥራዋ ጋር አዛምዳዋለች። ለመሐረብ አጭሯን «ኢየሱሴ ሆይ፣ ምሕረት!»፤ ለአንሶላ የእመቤታችንን ረጅም ምልጃ፤ ለሸሚዝ የዘላለም ዕረፍት። ሱሪ ሲመጣ ሁለት እግር ስላለው ሁለቴ። እኔ ሃይማኖቴ ከእሷ ጋር አንድ ነው፤ ትጋቴ ግን የራሴ ነው።

ይኼ ሁሉ ለአንድ ሰው ነበር፤ ለወንድሟ። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት መርከብ ላይ ወጥ ቤት ተቀጥሮ ሄደና ቀረ። ከመርከቡ የመጣው ወሬ በማዕበል ቀን ባሕር ውስጥ ወድቆ ጠፋ የሚል ነበር። ሻንጣው ብቻውን ቤት ገባ። ሬሳ የሌለው መቃብር አዘጋጅተው ድንጋይ ላይ ስሙን አስቀረጹ፤ በዓመቱ እናታቸው ከጎኑ ተቀበረች። ወንድሟ ከመጀመሪያ ቁርባኑ ወዲህ የንስሓ አባት ደጅ የረገጠ ሰው አልነበረም፤ ጠጪ፣ ቁማርተኛ፣ ሳቂታ። አክስቴ እንደምታስበው ከሆነ እንዲህ ያለው ነፍስ መንጽሔ ከገባ የሚወጣው እድሜ ልኳን ብትተኩስለት ነው። እሷም እድሜ ልኳን ልትተኩስለት ቆርጣ ነበር።

«ለአጎቴስ አትጸልዪም?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«አጎትሽ ከእኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሯል። መንጽሔውን እዚሁ ጨርሶ ነው የሄደው።»

«ለእናትሽስ?»

ካውያውን አንሥታ ተተኩሶ ያለቀውን ኮሌታ እንደገና ተጫነችው። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

አዲሱ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን ቆሞስ ወጣት ካህን ነው፤ የራሱን ሱሪ ራሱ እንደሚተኩስ ከሩቁ ይታወቃል። የቤተ ክርስቲያኑን አልባሳት ግን ወደ እኛ ያመጣል። የቅዱሳን ሁሉ በዓልና የሙታን መታሰቢያ በቀረበበት እሑድ ስለ ሥርየተ ቅጣት ሰበከ። በድሮ የጸሎት መጻሕፍት ያሉት ቀኖችና ዓመቶች እሱ ሳይወለድ መቅረታቸውን፣ አሁን ያለው «ሙሉ» እና «ከፊል» ብቻ መሆኑን ተናገረ። አክስቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

«ምን አለ?»

«ቀኑ ቀርቷል አለ።»

«የቱ ቀን?»

«ሁሉም።»

ያን ቀን ቅዳሴው አልቆ እስክንወጣ ድረስ መቁጠሪያዋን እንደ ልጅ እጅ ጨብጣ ይዛው ነበር።

በማግሥቱ ካህኑ አልባሳቱን ሊወስድ መጣ። ምነው በቀረ! አክስቴ መጋረጃውን ገልጣ ካውያዋን እንደያዘች ወጣች።

«አባ፣ የእኔ ቀኖች የት ገቡ?»

«የትም አልገቡም፣ እናቴ» አላት፤ ትሑት ነው፣ ፈገግታውም አይጠፋም። «መጀመሪያም የመንጽሔ ቀኖች አልነበሩም። በጥንት ጊዜ ንስሓ የሚገባ ሰው ይኼን ያህል ቀን ጹም፣ ይኼን ያህል ቀን ከደጅ ቁም ይባል ነበር። ሦስት መቶ ቀን ማለት እንደዚያ ሦስት መቶ ቀን ንስሓ የገባ ሰው የሚቀልለትን ያህል ማለት ነው። ሰዉ ግን ከመንጽሔ ላይ የሚቀነስ ቀን አድርጎ ያዘው። እዚያ እኮ የቀን መቁጠሪያ የለም። ለዚህ ነው ቁጥሩ የቀረው። አሁን የሚታየው የሚጸልየው ሰው ፍቅርና እምነት ነው።»

«እሺ አባ፤ ሸሚዝ የሚተኮሰው በፍቅር ነው በካውያ?»

«እርስዎ ሲተኩሱት በሁለቱም ይመስለኛል።»

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም። ካውያውን ባንኮኒው ላይ ልታስቀምጥ ስትል እኔ ነጥቄ ያዝኩት።

«ደግሞ ጸሎቶቹ አልተሻሩም» አለ ካህኑ። «የዘላለም ዕረፍት ዛሬም ከፊል ሥርየት አለው፤ ለሙታን ብቻ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ስምንት ቀን መቃብር ሄዶ ለሙታን የጸለየ ሰው ለእነሱ ሙሉ ሥርየት ያገኝላቸዋል። ንስሓ ይገባል፣ ይቆርባል፣ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጸሎት ለሚሹበት ሐሳብ ይጸልያል፣ ልቡን ከኃጢአት ሁሉ ያላቅቃል። በቀን አንድ ብቻ ነው ታዲያ።»

«ሙሉ ማለት ሙሉ?»

«ሙሉ።»

«አንዱ ሙሉ ከሆነ የቀሩት ሰባቱ ምን ይሠራሉ?»

«ልባችን በእርግጥ ሙሉ መሆኑን በምን እናውቃለን?»

አክስቴ አሰበች። «እውነትዎን ነው። ስምንቱንም ለእሱ። መጠንቀቅ ነው።»

ካህኑ አልባሳቱን ታቅፎ ሲወጣ አገጩ ከነጭ ጨርቅ በላይ ብቻ ይታይ ነበር። አክስቴ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ትንሽ ቆይቶ እንፋሎቱ ቱሽ ሲል በለሆሳስ «ሦስት መቶ» ስትል ሰማኋት።

በሦስተኛው ቀን፣ ከመቃብር ተመልሳ ሥራ እንደጀመረች፣ አንድ ሽማግሌ ገባ። ፊቱ ፀሐይ የመታው፣ የፊት ጥርሱ የጎደለ፣ ጫማውን ግን መስታወት አስመስሎ የወለወለ። ከፌስታል ውስጥ አንድ ጥቁር ኮት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው።

«ልጄ፣ ይኼን ዛሬ ታደርሱልኛላችሁ? የምጠይቃት ሰው አለች። እንዲህ ተጨማዶ ባታየኝ ይሻላል።»

ኮቱን ሳገላብጥ ከመጋረጃው ጀርባ አክስቴ ጀመረች። የወንድሟን ስም ከነአባቱ ስም ጠርታ «የዘላለም ዕረፍትን ስጠው» አለች። እኔ ይኼን በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው ስለማላውቅ እንደ ፍሪጅ ድምፅ ነው የምቆጥረው። የሽማግሌው እጅ ግን ባንኮኒው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ወንድሟ ነው፣ አባባ። ድሮ ነው፤ ባሕር በላው።»

«እርግጠኛ ናት?»

«መቃብር ሁሉ አለው» አልኩት በኩራት። «በየቀኑ እየሄድንለት ነው።»

ለደንበኛ ማረፊያ ካስቀመጥናት ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«የለም፣ ልጄ። ሞቼ ነው መሰለኝ።»

ያበደ ሰው ገጠመኝ ብዬ ኮቱን ወደ እሱ ስገፋ፣ አንገቱን ወደ መጋረጃው አስግጎ ተጣራ። «እትዬ! ኧረ እትዬ! አልሞትኩም!»

ጸሎቱ ግማሹ ላይ ቆመ። ቀጥሎ የመጣው የጨርቅ ቃጠሎ ሽታ ነው። በዚህ ሙያ አርጅታ አንድ መሐረብ እንኳ አቃጥላ የማታውቅ ሴት የአንድ ጠበቃ ደንበኛችንን ነጭ ሸሚዝ በካውያ ቅርፅ በሳችው።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና አየችው። ከጫማው ጀምራ እስከ ሽበቱ አየችው። መጀመሪያ በጥፊ አለችው፤ ቀጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ቀጥላ «ሸሚዙ!» ብላ ጮኸች። እኔ ሮጬ ካውያውን ነቀልኩት። ስመለስ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንደኛው የሌላኛውን ፊት ይዞ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደማለቅስ ገና ሳይገባኝ።

ታሪኩን ሲነግረን እንኳ ሳቂታነቱ አልተወውም። ማዕበሉ በተነሣበት ቀን መርከቡ ላይ አልነበረም። ወደብ ላይ ሰክሮ እንደተኛ መርከቡ ጥሎት ሄደ። መርከበኞቹ ሰው ሲቆጠር ቢያጡት ባሕሩ ወሰደው ብለው ጻፉ። እሱ ይኼን የሰማው ከዓመት በኋላ ከአገሩ ሰው ነው፤ እናቱ መሞቷንም በዚያው አፍ።

«ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልምጣ? እናቱን በሐዘን የገደለ ሰው ምን ብሎ በር ያንኳኳል?» አለ። «ዛሬ ነገ ስል አረጀሁ።»

አክስቴ ያን ዕለት ደስታዋ መጠን አልነበረውም። ለጠበቃው ሁለት ሸሚዝ በነፃ እንደምትተኩስለት ላከችበት። ወደ ማታ ላይ ግን እያየኋት ፊቷ ተለወጠ።

«ቆይ፤ ያ ሁሉ ጸሎት ታዲያ ለማን ደረሰ?»

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሟን በእጅጌው፣ እኔን በዓይኗ ጎትታ ካህኑ ልብሰ ተክህኖውን ወደሚያወልቅበት ክፍል ገባች።

«አባ፣ የሞተው ሰው ይኸውልዎ።»

ካህኑ መጀመሪያ ሰላም አለው፤ ቀጥሎ ነገሩ ሲገባው ወንበር ሳበ።

«እኔ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው» አለች። «በስሙ የጸለይኩት ሁሉ ተዛውሮ አሁን ለራሱ ይሰጠው። በሕይወቱ ይጠቀምበት።»

«አይቻልም፣ እናቴ። ሥርየተ ቅጣት በሕይወት ላለ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ወይ ለራስ ነው፣ ወይ ለሙታን። በሕይወት ያለ ሰው ራሱ ንስሓ ገብቶ፣ ራሱ ጸልዮ ነው የሚያገኘው።»

«ሞቶ ቢሆን ይችል ነበር?»

«ሞተው ቢሆን... አዎ።»

አክስቴ ወደ ወንድሟ ዞረች። ሃያ ምናምን ዓመት ያለቀሰችለትን ሰው እንዲህ አለችው፦ «አየህ? ሞተህ ሳለ ትቀለኝ ነበር!»

«ጸሎትዎ እኮ አልባከነም» አለ ካህኑ ሳቁን እየዋጠ። «ማንም የማይጸልይላቸው ስንት ነፍሳት አሉ። እግዚአብሔር ለእነሱ አድርሶት ይሆናል ብዬ አምናለሁ።»

«ለማላውቃቸው ሰዎች?»

«አክስቴ» አልኳት፣ «ዕድሜሽን ሙሉ የማታውቂያቸውን ሰዎች ልብስ አይደል የተኮስሽው?»

ያየችኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

ካህኑ ወደ ሽማግሌው ዘንበል ብሎ፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት መሆኑን፣ ሲፈልግ እንዲመጣ በዝግታ ነገረው። ሰውዬው ሁለት እጁን አነሣ። «አባ፣ እኔን ይተዉኝ። የእኔ ንስሓ ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል? እርስዎም ያረጁበታል።» ይኼን ብሎ ከእኛ ቀድሞ ወጣ።

ያን ቀን ምሳ ስንበላ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ፈለገ። «እትዬ፣ ለእኔ ለወስላታው ይኼን ያህል ከጸለይሽ እማዬማ እስከ አሁን ከመላእክት በላይ ተቀምጣለች በይኛ!»

አክስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለእማዬ አንድም አልጸለይኩም።»

እኔ ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ መለስኩት።

«ልትሞት ስትል እጄን ያዘች» አለች አክስቴ፤ የምታየው ሳህኑን ነው። «‹የእኔን ተይው› አለችኝ። ‹ለእኔ ልትጸልዪ የምትችይውን ሁሉ ለእሱ አድርጊው። እሱ ቀድሞ ይውጣ፤ እኔ እጠብቃለሁ› አለች። ማልኩላት። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ፤ እሷም እንዳለችው ስትጠብቅ ኖራለች። ተራዋን ለአንተ ሰጥታ።»



«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አለችና ተነሥታ ወደ ካውያዋ ሄደች። ወንድሟ ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ያለ ሳቁ በጣም ያረጀ ሰው ነበር። አዘንኩለት፤ ተናደድኩበትም። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን ከዚያ ሰውዬ የባሰ የተጎዳ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ አክስቴ በየማለዳው መቃብር የምትሄደው ለእናቷ ሆነ። ወንድሟን ና አላለችውም። ልትለምነው ትችል ነበር፤ ስትቆጣ የማይታዘዛት ሰው ስለሌለ ልትቆጣውም ትችል ነበር። አላደረገችም። «ይኼ በጉተታ አይሆንም» አለችኝ። እሱ ቀን ቀን የአንሶላ ጥቅል ይሸከምልናል፣ ከደንበኛ ጋር ይቀልዳል፣ ማታ የአጎቴ ሶፋ ላይ ይተኛል። በሁለታቸው መሐል ያልተተኮሰ ነገር እንዳለ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ኮቱን አክስቴ ራሷ ተኩሳ መስቀያ ላይ ሰቅላዋለች። ለምን ቀን እንደሆነ አልጠየቃትም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሶፋው ባዶ ነበር። ብርድ ልብሱ በአራት ማዕዘን ታጥፏል። መስቀያው ላይ ኮቱ የለም።

አክስቴ መስቀያውን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሄደ» አለች። «ደግሞ ባሕሩ በላው።»

«ውጪ ወጥቶ ይሆናል፣ አክስቴ።»

«ኮት ለብሶ?»

ቅዳሴ እንሂድ ብላት ሥራ አለብኝ አለችኝ፤ ይኼን ስትል ሰምቼ አላውቅም። መተኮስ ጀመረች። ኮሌታው ላይ ካውያው አረፈ፣ እንፋሎቱ ቱሽ አለ፣ ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። አንድ ሸሚዝ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ዝም። የፍሪጁ ድምፅ ሲቆም ነው ለካ ሰው ፍሪጅ እንደነበረው የሚያውቀው። ሦስተኛው ሸሚዝ ላይ ካውያውን ነቀልኩባትና ነጠላዋን አመጣሁ።

«ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው» አልኳት። «እሱ ቢሄድም እናትሽ እዚያው ናት። ለቅዳሴ ካልደረስን የማታው አለ፤ መቃብሩን አሁን እንድረስ።»

ተነሣች። በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እግሯን ግን ከወትሮው አፍጥና ትራመድ ነበር።

መቃብሩ በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ። በጥዶቹ መሐል፣ ሁለቱ ድንጋዮች ዘንድ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ኮቱ ላይ አንድ ጭምድድ የለም።

ስንጠጋ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ግን ሊስቅ ሊስቅ ይላል።

«እትዬ፣ ንስሓዬን ከአባ ጋር ገና ሳይነጋ ነው የጀመርነው» አለ። «ቁርሳቸውን አስረሳኋቸው። መሐል ላይ ሁለቴ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተዋል። ከዚያ ቅዳሴውን አስቀድሼ... ቆረብኩ።» የመጨረሻዋን ቃል ሲላት ድምፁ ከዳው። «ለራሴ ብዬማ አላደርገውም ነበር። ለእሷ ነው።»



«ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሐሳብ አባታችን ሆይ ደግሜያለሁ፤ እሱን አውቀዋለሁ» አለ እንደሚፈተን ልጅ። «ለእሷ የሚባለው ግን ጠፋኝ። ስንት ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ሰማሁሽ፤ እዚህ ስቆም ግን ሁሉም ጠፋ። የራሴን ስም አይቼ ይሆናል የደነገጥኩት። ምነው፣ ድንጋዩን አታስነሡትም?»

«ይቀመጥ፤ ኋላ መፈለግህ አይቀርም» አለችው። ቁጣዋ ሲመለስ ነፍሴ መለስ አለች። «በል ተንበርከክ። ኮቱን እንዳታቆሽሸው።»

በመሐረቡ ላይ ተንበረከከ። እሷ ጥቂት ጥቂት ቃል እየሰጠችው፣ እሱ እየተከተለ፣ የእናታቸውን ስም ጠርቶ የዘላለም ዕረፍትን ለመነላት። «የዘላለም ብርሃንም ያብራላት» ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እሷ ጠበቀችው፤ አልጨረሰችለትም። ራሱ ጨረሰው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ከመጀመሪያው ጀምሮ ብቻውን ደገመው። እኔ ፊቴን ወደ ጥዶቹ አዞርኩ።

ሲነሣ ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ቀና ብሎ አያት።

«ስንት ሆነ፣ እትዬ?»

«ምኑ?»

«ቀኑ ነዋ። ሦስት መቶ አይደል የምትይው?»

አክስቴ የእናቷን ድንጋይ አየች፣ እሱን አየች። እጇን ዘርግታ ትከሻው ላይ የወደቀችውን የጥድ ቅጠል አነሣችለት፤ የኮቱንም ኮሌታ አስተካከለችለት።

«አይቆጠርም» አለችው።